ከ«ክልክል» ቀጥሎ ያለው ቃል

የመጡት በረፍት ሰዓት ነው። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይጫወቱ ነበር፤ እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ ትንንሾቹን ወንበሮች አስተካክል ነበር። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ሦስቱም የሲቪል ልብስ የለበሱ፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ርዕሰ መምህሩ ፊቴን አላየም። ሴትየዋ «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ፤ ብዙ አንቆይም» አለችኝ። ጃኬቴን ልልበስ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ልበሺ» አለችኝ። ያኔ ብዙ እንደምንቆይ ገባኝ።

ምክንያቱን አላጣሁትም። በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። ከሰፈራችን የተወሰዱት ሁለት ወጣቶች የት እንዳሉ ለእናቶቻቸው ለምን አይነገራቸውም የሚል ነበር። ሰብሳቢው «ሌላ ጥያቄ» አለ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም።

ጣቢያው ከሆሳዕና መናኸሪያ ብዙ አይርቅም። የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ይመስለኛል፤ ግድግዳው ላይ የመደርደሪያ ምስማሮች ቀርተዋል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከፍ ብሎ ሽቦ የተመታበት አንድ መስኮት አለ። ከመስኮቱ ብርሃን ይልቅ ድምፅ ይገባል፤ የባጃጅ ጥሩምባ፣ «ሾኔ! ሾኔ!»፣ «ዱራሜ የሞላ!» የሚሉ ረዳቶች። ሆሳዕና ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ብርድ ልብሶቹ ሲነኩ እርጥብ ናቸው፤ የረጠበ ሱፍ ይሸታሉ።

ከእኔ በፊት ሁለት ሴቶችና አንዲት ሕፃን ነበሩ። አንደኛዋ ከሾኔ የመጣች እህል ነጋዴ ናት፤ የተከራየችው የጭነት መኪና ላይ የሚፈለግ ሰው ተሳፍሮ ተገኝቷል ተብላ ነው የተያዘችው። ስገባ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ነይ እስቲ፣ ይቺ ጥግ ላይ ውኃ አይንጠባጠብም። ኪራይ እንደሆነ አያስከፍሉ» አለችኝ። ሌላዋ ከሞርሲቶ አካባቢ ገጠር የመጣች ወጣት እናት ነበረች። ባሏን ፈልገው ሲያጡት እሷን ከነልጇ ይዘዋት መጡ። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ከእኔ ጋር በሀዲይኛ እናወራለን። ልጅቷ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ስትጠራ ወዲያው አትዞርም። «ቤታችን እያለች አፏ አያርፍም ነበር» አለችኝ እናቷ። «እዚህ ከገባን ወዲህ ቃል ትቆጥባለች።»

በየቀኑ ጠዋት እስረኞች ለፀሐይ ይወጣሉ። የሚወጣው ስሙ ተጠርቶ ነው። አንዲት ፖሊስ ወረቀት ይዛ በሩ ላይ ትቆምና ታነባለች። የእናትየው ምርመራ አላለቀም ተብሎ ስሟ አይጠራም። የልጅቷ ስም ደግሞ ጭራሹኑ መዝገብ ላይ የለም፤ የታሰረችው እናቷ እንጂ እሷ አይደለችምና። በመጀመሪያው ጠዋት ሕፃኗንስ ላውጣት ወይ ብዬ ፖሊሷን ጠየቅኋት። «እሷ እስረኛ አይደለችም፤ በምን አወጣታለሁ?» አለችኝ። እያፌዘች አልነበረም። እስረኛ ለፀሐይ ይወጣል፤ ልጅቷ እስረኛ አይደለችም፤ ስለዚህ አትወጣም።

ይህቺን ፖሊስ ከመታሰሬ በፊት አውቃታለሁ። ሳጅን ናት። ልጇ እኔ የማስተምርበት ኬጂ፣ እኔ ክፍል ነው የሚማረው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንገናኝ «እርስዎ» ትለኝ ነበር። ጣቢያ ከገባሁ በኋላ «አንቺ» ሆንኩ፤ የምታውቀኝ መሆኑንም ማንም እንዲያይባት አልፈለገችም። አልከፋኝም። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ብዙ የሚፈራው ነገር አለ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ እሁድ ነው።

እሁድ የጠያቂ ቀን ነው። በሌሎቹ ቀናት ምግብ በር ላይ ይሰጣል እንጂ ሰው አይገናኝም። እሁድ ግን ጠያቂ በሽቦው ማዶ ይቆማል፣ እስረኛ በሽቦው ወዲህ ይቆማል፣ መሐል ፖሊስ ይቆማል። ሦስታችንም እየተሰማማን «ደህና ነኝ፣ ደህና ነህ» እንባባላለን፤ ከዚያ «ጨርሱ» ይባላል። ቢሆንም ሳምንቱን ሙሉ እሁድን ነበር የምጠብቀው። ባለቤቴ አናጺ ነበር። ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ፣ ምሳዬን በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል።

የዚያን እሁድ ጠዋት ሳጅኗ ሰው ሳይነሳ በሩን ከፈተችና «ቲቸር፣ እንዴት አደሩ?» አለችኝ። «እርስዎ» ስትለኝ አንድ ነገር እንደምትፈልግ አወቅሁ።

ልጇን ይዛ መጥታለች። ቤት የሚያውለው ሰው አላገኘችም። ከኋላዋ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል። እኔን ሲያይ «ቲቸር!» ብሎ ሊሮጥ ሲል በአንገትጌው ያዘችው።

«አንደኛ ክፍል የሚያስገቡት ፈትነው ነው አሉ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄ ልጅ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ እንደ መዝሙር ያወርደዋል። አንዷን ነጥዬ ‹ይቺ ማን ናት?› ስለው ግን ከላይ ጀምሮ ይቆጥራል። ቃል ማንበብማ የለም። በእርስዎ ቦታ የተተካችው ልጅ ገና ጀማሪ ናት። አባቱ ‹ደደብ ነው› ማለት ጀምሯል።»

«ደደብ አይደለም» አልኳት። «ግማሹ ክፍሌ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«አውቃለሁ። እና ዛሬ ትንሽ ቢያዩልኝ ብዬ ነው። ፀሐይ ላይ፣ ዛፉ ሥር። ባለቤትዎ ሲመጣ ደግሞ በሽቦው አይደለም፤ ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላችሁ እስኪበቃችሁ ታወራላችሁ። እኔ ነኝ ተረኛዋ።»

እስኪበቃን። እንደዚህ ያለ ነገር ለማንም ሲደረግ አላየሁም። አዎ ልላት አፌን ከፍቻለሁ። ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ተቀምጣ የሳጅኗን ልጅ ጫማ ታይ ነበር። ከገባሁ ጀምሮ አንድ ነገር ላይ እንደዚያ ዓይኗን ስታሳርፍ አላየኋትም።

«ሁለት ልጅ ከሆነ አስተምራለሁ» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

«አንድ ልጅ ብቻውን ቶሎ ይሰለቻል። ሁለት ሲሆኑ ይሽቀዳደማሉ። ይቺን ልጅ ጨምሪልኝ።»

«መዝገብ ላይ የለችማ!»

«መዝገብ ላይ ከሌለች ማንም አይጠይቅሽም።»

የሾኔዋ ሴት ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ሳቀች። «ሳጅን፣ በዚህ እንኳ ተረታሽ» አለቻት። ሳጅኗ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየች። «ቶሎ በሉ» አለች።

ያልተስማማችው እናቷ ነበረች። ልጇን ስባ ወደ ጉያዋ አስገባቻትና በሀዲይኛ «ይወስዷታል» አለችኝ። እንደማይወስዷት ነገርኳት። ከየት እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው፤ የማውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ነገርኳት። «አብረን እንወጣለን፤ አብረን እንገባለን።»  ከዚያ የልጅቷን እጅ አንስታ እጄ ውስጥ አስቀመጠችው። «አትልቀቂያት» አለችኝ።

ሌሊት ዘንቦ ነበር። ከባሕር ዛፉ ሥር ያለው ቀይ አፈር ረጥቧል፤ ለመጻፍ ከሰሌዳ ይሻላል። ልጅቷ ውጭ ስትወጣ ዓይኗን በክንዷ ከለለች። ጥቂት እርምጃ ሄደን ቆምን፤ እንደገና ሄደን ቆምን። እግሯ የደነዘዘበት ሰው እግር ይመስል ነበር። የሾኔዋ ሴት ስሟ ተጠርቶ ስለነበር እሷም ወጥታ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች፤ ሻርፗን ፈታ ፀጉሯን እያበጠረች ታየን ነበር።

በጣቴ አፈሩ ላይ «ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሁልጊዜ የምጀምረው በዚህ ቃል ነው። እኛ አገር አብዛኛው ልጅ በቤቱ ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ ነው የሚናገረው። የአማርኛ መጽሐፍ ሲከፈትለት ከሁሉም በላይ እየደጋገመ የሚያጋጥመው ይህ ቃል ነው። ሥዕል ደግሞ የለውም። በሬ ይሳላል፣ ቤት ይሳላል፤ «ነው» ግን አይሳልም። ስለዚህ ልጁ ፊደሎቹን እየለቀመ እንዲያገኘው አልጠብቅም። ሙሉውን መልኩን እንዲያውቅ አደርጋለሁ፤ ሲያየው እንደ ጎረቤት ሰው ፊት ወዲያው እንዲለየው።

የሳጅኗ ልጅ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ «ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና…» ብሎ ጀመረ። ጣቴን ከንፈሩ ላይ አደረግሁ።

«እናትህን ስታያት ከአፍንጫዋ ጀምረህ ትቆጥራለህ?»

«አልቆጥርም።»

«ምን ትላለህ?»

«እማዬ እላለሁ።»

«ይሄንንም እንደዚያ በለው። ‹ነው›።»

«ነው» አለ። ልጅቷ አላለችም። በሀዲይኛ ነገርኳት፤ ዛፉን እያሳየሁ፣ ድንጋዩን እያሳየሁ፣ አማርኛ ሲነገር መጨረሻ ላይ የሚመጣው ይህ ነው አልኳት። «ይህ ዛፍ ነው። ይህ ድንጋይ ነው።» እሷ አፈሩን ታያለች።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ሰማይ ላይ መጻፍ ነው። ልጆቼ ናቸው ስሙን እንዲህ ያሉት። ክንድ ከትከሻ ጀምሮ ይዘረጋል፤ ክርን አይታጠፍም። ጣት ቀስሮ ቃሉን በትልቁ አየር ላይ መጻፍ ነው። እጅ የጻፈውን ዓይን አይረሳም ብዬ አምናለሁ። ጽፈው ሲጨርሱ ቃሉ እንዳይበርር አየሩ ላይ ቀጨም አድርገው ይይዙትና «ያዝኩት!» ብለው ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል። ይህ የእኔ ጨዋታ ነው፤ ከሌላ አስተማሪ አላየሁትም።

የሳጅኗ ልጅ ጽፎ፣ ይዞ፣ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ልጅቷ አየችው። ክንዷን ዘረጋች። አጻጻፏ ጠማማ ነበር፤ ቢሆንም ሁለቱንም ፊደል አስቀመጠች። አየሩን ቀጨም አደረገችና ቀሚሷን ታች ላይ ፈለገች። ኪስ የለውም። ግራ ገብቷት እኔን አየች። ከዚያ ቃሉን ጡጫዋ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።

«ነው» አለች። ድምፅዋ ጎርናና ነበር፤ ብዙ ሳይናገር የቆየ ሰው ድምፅ።

አፈሩ ላይ ጻፍን፤ በመዳፍ ደመሰስን፤ ሳናይ እንደገና ጻፍን። ከዚያ የመጨረሻው ደረጃ ቀረን፤ ቃሉን ከሚኖርበት ቦታ ፈልጎ ማግኘት። ክፍሌ ቢሆን ኖሮ የታሪክ መጽሐፎች አሉኝ፣ ባለቤቴ ከካርቶን የቆረጠልኝ ፍላሽ ካርዶች አሉኝ። እዚህ ያለው የጣቢያው ግድግዳ ብቻ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ግን ከዚያ የተሻለ መጽሐፍ አልነበረም። ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እዚህ ቦታ መቆም ክልክል ነው። ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው። የፖሊስ ጣቢያ ያህል «ነው» የተጻፈበት ቦታ የለም።

«ሂዱና ፈልጉት» አልኳቸው።

የሳጅኗ ልጅ ተፈተለከ። «ነው! ቲቸር፣ እዚህም ነው!» እያለ ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ ይሮጣል። ልጅቷ ቆማ አየችው። ከዚያ ጎተተችኝ። እጇን አልለቅም ስላልኩ እኔም አብሬያት ሮጥኩ። በፖሊስ ግቢ ውስጥ፣ በእስረኛ ሸበጥ፣ እንደ ልጅ ሮጥኩ። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ መሣሪያውን ነካ አደረገ፤ የምንሮጠው ወደ ሰሌዳዎቹ መሆኑን ሲያይ ሳቀ።

የሾኔዋ ሴት ከተቀመጠችበት «ቲቸር!» ብላ ጮኸች። «‹ይፈቀዳል› የሚል አንድ ሰሌዳ ካገኛችሁ ጥሩኝ!»

ልጅቷ በመጨረሻ ያገኘችው ሰሌዳ የጣቢያው ኃላፊ ቢሮ በር ላይ ያለው ነበር። ሳያስጠሩ መግባት ክልክል መሆኑን የሚናገር ነው። ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለ እጇ ደረሰበት። ባልጨበጠችው እጇ እኔን ይዛለች፤ ስለዚህ በጡጫዋ ቃሉን መታችው። «ነው!» ደግማ መታችው።

በሩ ተከፈተ።

ኃላፊው እሁድ ቢሮ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሹራብ ደርቧል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። እኔን አየ፣ ልጆቹን አየ። «ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

ልጅቷ ቃሉን ከአፉ ሰማችው። ጣቷን ወደ እሱ ቀስራ «ነው!» አለችው። የሳጅኗ ልጅ ከትከት ብሎ ሳቀ። የሰውየውም ከንፈር ተንቀሳቅሷል፤ አይቻለሁ። ግን ሳጅኗ እየሮጠች መጥታ ሰላምታ ስትሰጠው ፊቱ እንደገና ኮስተር አለ።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«የእስረኛዋ ልጅ ናት ጌታዬ። የሞርሲቶዋ» አለች ሳጅኗ።

«መዝገብ ላይ አለች?»

«የለችም ጌታዬ።»

«መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ግቢዬ ውስጥ እንዴት ይሮጣል?»

 «የሳጅንም ልጅ መዝገብ ላይ የለም» አልኩ እኔ።

«እሱ የሠራተኛ ልጅ ነው» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የተናገረው። «ልጅቷ ወደ እናቷ ትግባ። አንቺ ሥራሽን ቀጥይ፤ ልጁን አስተምሪው። ማንም አይነካሽም።»

የግቢው በር የቆርቆሮ ነው፤ ከታች ክፍት ስለሆነ ውጭ የቆሙ ጠያቂዎች እግር ይታያል። ጠያቂዎች መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ከእግሮቹ መካከል የባለቤቴን ጫማ አየሁት። ግራው በቀለም የተበከለ፣ ክሩ በሽቦ የታሰረ ነው። ከአግዳሚው ወንበር እስከ ጫማው ያለው ርቀት ትንሽ ነበር።

ሳጅኗ በጆሮዬ «ቲቸር፣ በናትዎ» አለችኝ። «መጥቷል። ልጅቷን እኔ አስገባታለሁ።»

አሰብኩበት። አላሰብኩም ብዬ አልዋሽም። የልጅቷ እጅ እጄ ውስጥ አልቦት ነበር። እናቷ በሩን እያየች እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፤ ልጅቷን የምታመጣላት ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ብትሆን ምን እንደሚመስላትም አውቃለሁ።

«ክፍሌ ውስጥ ሁለት ተማሪ ነው ያለኝ» አልኩት ኃላፊውን። «አንዷ ከገባች ትምህርቱ አልቋል።»

«እንግዲያው የዛሬ ጠያቂሽም አልቋል» አለኝና በሩን ዘጋ።

አብረን ገባን። ኮሪደሩ ላይ አልሮጥንም። እናቷ በሩ ሥር ቆማ ነበር፤ መጀመሪያ ያየችው የተያያዘውን እጃችንን ነው። ልጅቷ ፊቷ ሄዳ ቆመችና ያን የጨበጠችውን እጅ ዘረጋች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች። ውስጡ ጭቃ ብቻ ነበር። «ነው» አለቻት። ከዚያ የእናቷን መዳፍ ገልብጣ በጣቷ ጻፈችበት። እናትየው ምን እንደተሰጣት ባይገባትም መዳፏን ቶሎ አልዘጋችውም።

ከሰዓት በኋላ ጠያቂ የመጣላቸው ተጠሩ። የእኔ ስም አልተጠራም። ምግቡም አልገባልኝም። የሾኔዋ ሴት ስትመለስ የመጣላትን ሣህን መሐል ላይ አስቀመጠች። እሷ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያኖች ስለሆንን ሥጋውን ወደ ራሷ በኩል ለየችና ቆጮውንና ጎመኑን ወደ እኛ ገፋችው። «ብሉ» አለች። «ቲቸር ዛሬ ሮጣለች፤ ይርባታል።» ተጎንብሼ በላሁ። ያን ቀን ያለቀስኩት ያኔ ነው፤ ብዙም አልቆየም።

ሳጅኗ ለሁለት ቀን «አንቺ»ም «እርስዎ»ም ሳትል በሩን ስትከፍትና ስትዘጋ ሰነበተች። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ስማችንን ጠርታ ስትጨርስ ወረቀቱን አጠፈችና በሩን ሳትዘጋ ቆመች። ወደ መስኮቱ እያየች ነበር። ምን እንደምትጠብቅ የገባት መጀመሪያ ለልጅቷ ነው። ብድግ ብላ በሳጅኗ ጎን አልፋ ወጣች። ስም አልተጠራም። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንደዚያው ሆነ፤ ሳጅኗ ትንሽ ትቆማለች፣ ልጅቷ ትወጣለች። እኔ እስከተፈታሁበት ቀን ድረስ ሌሎች ቃላትም ተምራለች። እነሱ ከእኔ በኋላ የት እንደደረሱ አላውቅም። ሞርሲቶ ገበያ ሄጄ ጠይቄ ነበር፤ የሚያውቃቸው አላገኘሁም።

የቀረውን ከባለቤቴ ነው የሰማሁት።

ያን እሁድ በሩ ላይ «ዛሬ ጠያቂ የላትም» ብለው መለሱት። ለምን ብሎ ሲጠይቅ «የላትም» አሉት። እንደዚህ ሲባል እስረኛው ወደ ሌላ ቦታ ተወስዷል፣ ወይም ለሰው በማይታይ ሁኔታ ላይ ነው ማለት እንደሆነ ጠያቂዎች ሁሉ ያውቃሉ። ሌሎቹ ጠያቂዎች ከእሱ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ፌስታሉን እንደያዘ ቆመ። ወደ ቤት ቢሄድ ማንን ምን እንደሚል አላወቀም።

ጥቂት ቆይቶ የሳጅኗ ልጅ በትንሹ በር ወጣ። ማስቲካ ሊገዛ ነበር። በሩ ላይ አንድ ሰሌዳ አለ፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል። ልጁ ፊቱ ቆመ። ክንዱን ከትከሻው ዘረጋ፤ ክርኑን ሳያጥፍ የመጨረሻውን ቃል አየር ላይ ጻፈ። ቀጨም አድርጎ ያዘና ኪሱ ከተተው።

ባለቤቴ ያን ጨዋታ ከማንም በላይ ያውቀዋል። አዲስ ትምህርት ባሰብኩ ቁጥር ማታ መጀመሪያ የምሞክረው በእሱ ላይ ነበርና። ትልቅ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አየር ላይ ይጽፋል፣ ይይዛል፣ ኪሱ ይከታል።

ልጁን ጠራው። «ማሙሽ፣ ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ቲቸር።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«ደህና ናት?»

ልጁ አሰበ። «ሮጠች» አለው።

«ምን? ወዴት?»

«ከእኛ ጋር ሮጠች! ቲቸር አትችልም፤ እኔ ቀደምኳት» ብሎ ሳቀና ወደ ሱቁ ሄደ።

ባለቤቴ መንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ፌስታሉን ፈታና ለእኔ ያመጣውን ምሳ በላው። ጠያቂዎቹ ሐዘኑ አእምሮውን የነካው መስሏቸው ነበር። ከታሰርኩ ወዲህ ጣዕሙን እያወቀ የበላው ያን ምሳ ብቻ እንደሆነ ይነግረኝ ነበር።

ይህን ታሪክ ለሰው መንገር ይወድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ፣ የጸሎት ቡድኑ እኛ ቤት ሲሰበሰብ፣ ሥራ ቦታ ምሳ ላይ። እኔ ከውስጥ እጀምራለሁ፤ ኃላፊው በሩን ሲዘጋብኝ አቆማለሁ። እሱ ከበሩ ላይ ይቀበለኛል። በነገረው ቁጥር የልጁ ሳቅ ከፍ እያለ፣ ምሳውም እየበዛ ይሄድ ነበር። አላርመውም ነበር።

ባለፈው ክረምት አረፈ። ሕመሙ አጭር ነበር። ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ አንድ የወንድሙ ልጅ ሰው ለማጽናናት ብሎ የበሩን ታሪክ ጀመረ። ልጁን ሴት ልጅ አደረጋት፤ ምሳውን ለልጅቷ የሰጣት አደረገው። የሰሙት ጥሩ ታሪክ ነው አሉ። አላረምኩትም። ማታ ሰዉ ሲበተን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው መጻፍ የጀመርኩት። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ። የእኔ ክፍል ቀላል ነበር፤ ያየሁትን ነው። የበሩ ክፍል ግን አስቸገረኝ፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ ያለኝ የእሱ አፍ ብቻ ነው። ሳቁን የት ላይ ከፍ እንደሚያደርገው፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ሲል እንዴት ጉልበቱን እንደሚይዝ አስታውሼ፣ እሱ እንደሚነግረው አድርጌ ጻፍኩት። ምሳውን ግን አላበዛሁትም። አንድ ሣህን ነበር፤ እሱኑም ጨርሶ በልቶታል።